ያልተሠራው ቦምብ፦ ሊቢያ ከተወችው ጉዞ ምን እንማር?

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሲጠጣ፣ ወሬው ከቡና ዋጋና ከዝናብ ተነሥቶ ወደ ዓለም ጉዳይ ማምራቱ የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለው ጨዋታ ላይ ከወጣቶቻችን አንደበት ደጋግመን የምንሰማው አንድ አባባል አለ። “ጋዳፊ ቦምቡን ባይሰጥ ኖሮ ባልተገደለ ነበር” ይላሉ። አባቶች ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፉታል። እኛ ግን በመምህርነታችን ዝም ብለን ማለፉን አልወደድነውም። ምክንያቱም ልጆቻችን ከዚህ ተነሥተው “ክብር የሚገኘው በጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ነው” ከሚል መደምደሚያ ከደረሱ፣ ጉዳዩ የፖለቲካ ብቻ ሳይሆን የተርቢያም ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከመፍረዳችን በፊት የሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምኞቱ ከየት መጣ?

ሊቢያ መሬቷ ሰፊ፣ ሕዝቧ ግን ጥቂት የሆነ ሀገር ናት። ጣሊያን በ1911 ወረራት። አረጋዊው ታጋይ ዑመር አል-ሙኽታር በ1931 በአደባባይ ተሰቀሉ። ያው የፋሺስት መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1935 እና በ1936 በእኛ አባቶች ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ እንዳዘነበ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በ1986 ደግሞ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ትሪፖሊንና ቤንጋዚን ደበደቡ። ስለዚህ የሊቢያውያን ስጋት ከባዶ የመነጨ አልነበረም። የተደፈረ ሰው በትር መፈለጉ ያለ ነው። ጥያቄው የትኛውን በትር የሚለው ነው።

ሊቢያ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ስምምነት በንጉሥ ኢድሪስ ዘመን በ1968 ፈርማ ነበር። ጋዳፊ በ1969 ሥልጣን ከያዙ በኋላም በ1975 አጸደቀችው። በጎን ግን ፍለጋው ቀጠለ። በትሪፖሊ አቅራቢያ በታጁራ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው አነስተኛ የምርምር ማብለያ በ1981 ሥራ ጀመረ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ሊቢያ ወደ ፓኪስታናዊው የኑክሌር ሊቅ ወደ አብዱልቃዲር ኻን ስውር የንግድ መረብ ዞረች።

በሣጥን የቀረ ኃይል

ከመሬት የሚወጣው ዩራኒየም ለቦምብ የሚሆነው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.7 በመቶ ያህል ነው። እናቶቻችን ቡናውን ከገለባው በሰፌድ እንደሚለዩት፣ ይህንንም መለየት ያስፈልጋል። ልዩነቱ፣ እዚህ “ገለባውም” ፍሬውም ዩራኒየም ነው፤ በክብደት የሚለያዩት በጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ጋዝ ተለውጦ ሴንትሪፊውጅ በሚባሉ እጅግ ፈጣን ተሽከርካሪ መሣሪያዎች ውስጥ ይዞራል። ከበድ ያለው ወደ ዳር፣ ቀለል ያለው ወደ መሐል ይሄዳል። ለቦምብ እንዲበቃ በሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ተያይዘው ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጡ መሥራት አለባቸው።

ሊቢያ ከኻን መረብ 10,000 ዘመናዊ ሴንትሪፊውጆች አዘዘች። የቦምብ ንድፍም እጇ ገባ። በሥራ ላይስ? አያይዛ ለሙከራ ያቆመቻቸው ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። እነርሱም ኋላ ተፈታትተው ተቀመጡ። ካዘዘቻቸው ዘመናዊ መሣሪያዎች የደረሱት በአብዛኛው የውጭ አካላት እንጂ ዋናው የሚሽከረከረው ክፍል አልነበሩም። የእኛ ሀገር ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የቡና መፈልፈያ ሞተር ገዝቶ፣ የሚገጥምና የሚጠግን ባለሙያ ከሌለው፣ ሣጥኑ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይለብሳል።

በጥቅምት 2003 እነዚህን ዕቃዎች የጫነች መርከብ ወደ ጣሊያን ወደብ ወደ ታራንቶ እንድትዞር ተደርጋ ተፈተሸች። ሊቢያ በሎከርቢው የአውሮፕላን ፍንዳታ ምክንያት በተጣለባት ማዕቀብ ለዓመታት ደክማ፣ ከብሪታንያና ከአሜሪካ ጋር በምስጢር ስትነጋገር ቆይታ ነበር። በታኅሣሥ 19 ቀን 2003 ዕቅዱን መተዋን በይፋ አስታወቀች። በጥር 2004 ሰነዶቹና ዋና ዋና ዕቃዎቹ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ተጓዙ።

“ባይሰጥ ኖሮ” ለሚሉ

በ2011 ሕዝባዊ ዐመፅ ተነሣ፤ የኔቶ አውሮፕላኖች ደበደቡ፤ ጋዳፊም በጥቅምት 20 በሲርት ተገደሉ። ወጣቶቻችን የሚያነሡት ይህንን ነው።

አንደኛ፣ የተሰጠ ቦምብ አልነበረም። የተሰጠው ሣጥንና ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፣ ዐመፁ የተነሣው ከቤንጋዚ፣ ከገዛ ሕዝባቸው ነው። መሪ በገዛ ከተማው ላይ የኑክሌር ቦምብ ይጥላልን? በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኑክሌር መሣሪያዎች የነበሯት ሶቪየት ኅብረት እንኳ በ1991 ከመፍረስ አልዳነችም።

ሦስተኛውን በሐቅ እንናገር። ጦሯን በፈቃዷ የተወች ሀገር ስምንት ዓመት ሳይሞላ በእነዚያው ባስተወዋት መንግሥታት መደብደቧ እምነትን ያቆሰለ ነገር ነው። ሰሜን ኮሪያ ይህንኑ ለራሷ መሣሪያ መከራከሪያ አድርጋዋለች። ራሳቸው ታጥቀው ሌላውን “ጣል” የሚሉ ኃያላን ፍትሐዊ አይደሉም። ነገር ግን የሌላው በደል ለእኛ ሐራሙን ሐላል አያደርግልንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጦርነት ሴቶችንና ሕፃናትን መግደል ከልክለዋል። አቡበክር (ረ.ዐ) ወደ ሻም የሚዘምተውን ሠራዊት ሲመክሩ ሽማግሌ እንዳይገደልና ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ ማስጠንቀቃቸው ይታወቃል። መሣሪያውን ለማስፈራሪያ ብቻ ስለ መያዝ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው። ከተጣለ በኋላ ግን ሕፃኑን ከወታደሩ እንደማይለይ ሂሮሺማ በ1945 አሳይታለች። የቡና ችግኝ ተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስትና አራት ዓመት የሚጠብቅ የቤንች፣ የሸኮ ወይም የሸካ ሰው የአቡበክር ምክር ክብደት አይጠፋውም።

አህጉራችን የመረጠችው

ፈረንሳይ በ1960 በአልጄሪያ ሰሃራ የኑክሌር ቦምብ ስትሞክር አፍሪካ ጮኸች። አዲስ አበባ ላይ በ1963 የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1964 በካይሮ ጉባኤው አህጉሪቱ ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ እንድትሆን አወጀ። ደቡብ አፍሪካ በስውር የሠራቻቸውን ስድስት ቦምቦች ማፍረሷን በ1993 ገለጸች። አፍሪካን ከኑክሌር ነፃ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነት በ1996 ተፈርሞ በ2009 ጸና። ሀገራችንም ሊቢያም አባላቱ ናቸው።

ወላጆች ሆይ! ልጅዎ ይህን ጥያቄ ሲያነሣ አይቆጡት። ዘጠኙን መሣሪያዎችና ያልተገጠሙትን ሣጥኖች ይንገሩት። በገንዘብ ዕቃ ይገዛል፤ ዕውቀት ግን ተምሮና ተለፍቶ ይገኛል። ፊዚክሱን ይማር፤ ቁርኣኑንም ይቅራ። የተማረውን ለመብራትና ለሕክምና እንዲያውለው ገና በልጅነቱ እንምከረው።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የሚጠቅም ዕውቀት ይለግሳቸው፤ ለሊቢያ ሕዝብም ለሀገራችንም ሰላም ያውርድልን። አሚን።