ያለፈቃድ ዝውውር፦ ትዳርም ትምህርትም ሲናጋ!

የመምህር ዝውውር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው አይሱዙ ላይ የተጫነ አልጋና የተጠቀለለ ፍራሽ ነው። ከአልጋው ጋር አብሮ የሚጫነውን የመምህሩን ልምድ ግን ልብ የሚለው የለም!

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2014 ዓ.ም. በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ በ2015 ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ተጀመረ። በ1986ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ነበር፤ አሁን 6ኛ ላይ ያበቃና 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተባሉ። እዚህ ላይ ለየብቻ ይሰጡ የነበሩት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ «ጀነራል ሳይንስ» ተብለው ባንድ መጽሐፍ ገቡ። እንግዲህ ፊዚክስ የተማረው መምህር ስለ ሴልም ስለ አሲድም ማስተማር ግድ ሆነበት ማለት ነው። ይሄ ደግሞ በአጭር ሥልጠና አይለመድም። አንድ ዓመት አስተምሮት፣ ተማሪው የቱ ጋ እንደሚደናገር አይቶ፣ በሁለተኛው ዓመት ነው የሚቀናው።

አንዲት የማውቃት መምህርት ቡሬ ላይ ይህ ትምህርት ገና እጇ ሲገባ፣ ሳትጠይቅ «ለሥራው አስፈላጊነት» የሚል ደብዳቤ ደረሳትና ወደ ገበዝ ማርያም በኩል ሄደች። ባሏ የሚሠራው ፍኖተ ሰላም፣ ልጃቸው ገና ጡት አልጣለም! እዚያ ስትደርስ የተሰጣት ሒሳብ ነው። የለቀቀችውን ክፍል ደግሞ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ያዘው። ሁለት መምህር፣ ሁለቱም ጀማሪ! ዕዳውን የሚከፍሉት ግን 8ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና የሚጠብቃቸው ልጆች ናቸው።

ገጠሩስ መምህር አያስፈልገውም ወይ? ያስፈልገዋል እንጂ! የገበሬው ልጅ ከከተማው ልጅ በምን ያንሳል? እኔ የምለው ዝውውር ይቅር ሳይሆን ክረምት ላይ ይሁን፣ መምህሩም የለመደውን ትምህርት ይዞ ይሂድ ነው። በተለይ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ትምህርት በጦርነት በተቆራረጠበት በአማራ ክልል፣ በዚህ ላይ ሌላ መቆራረጥ መጨመር ግፍ ነው።

እስከዚያው ለምትዛወሩ መምህራን ምክሬ ይህ ነው። ዓመታዊ ዕቅዳችሁንና ማስታወሻችሁን ለተተኪው ተዉለት፤ ያልተሸፈነውን ምዕራፍ ጻፉለት። የሠለጠናችሁበትን ወረቀት ለአዲሱ ርዕሰ መምህር ድልድል ሳይወጣ አሳዩ። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቅጂም አስቀሩ። ባልና ሚስት ደግሞ ልጁን ማን እንደሚይዝ፣ ደመወዙ ሁለት ቤት እንዴት እንደሚያዘልቅ ኩርፊያ ሳይመጣ ተነጋገሩ። ደብዳቤውን ባልሽ አልጻፈውም፣ ሚስትህም አልጻፈችውም!