መሪው ለማን ይሰጥ? የአሽከርካሪ ምርጫ በአዋሽ ሸለቆ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የባቡር ሐዲዱና አንደኛው አስፋልት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሚኤሶና ድሬዳዋ ያቀናሉ። ሌላው አስፋልት ወደ ሰሜን ታጥፎ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሎግያንና ሰመራን ካለፈ በኋላ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ይገባል። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ ነዳጁም ማዳበሪያውም ስንዴውም አብዛኛው የሚመጣው በእነዚህ መስመሮች ነው።

ስለ ወደቡ፣ ስለ ሐዲዱና ስለ አስፋልቱ ብዙ ተጽፏል። ይህ ሁሉ ጭነት በእጁ ስለሚያልፈው ሰው ግን ብዙ አይወራም። ሎኮሞቲቩን ማን ይንዳ? ባለ ተሳቢውን ማን ይያዝ? ይህን መወሰን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ ስህተቱ ብዙ ዋጋ የሚያስከፍል ሙያ።

የአሽከርካሪ ምርጫ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በግልጽ የሚታየው በመኪና ውድድር ዓለም ነው። በፎርሙላ ዋን አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን የሚያሰልፈው ሁለት ተወዳዳሪ መኪና፣ ሁለት አሽከርካሪ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 ካዲላክ አሥራ አንደኛው ቡድን ሆኖ ሲገባ እንኳ በመላው ዓለም ያለው ወንበር 22 ነው። ለወንበሩ ለመታጨት በመደበኛው ደንብ ዕድሜ 18 መሙላት፣ በታችኛዎቹ ውድድሮች ባለፉት ሦስት ዓመታት 40 ነጥብ መሰብሰብና «ሱፐር ላይሰንስ» የሚባለውን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ፈቃዱ ግን በር ያስገባል እንጂ ወንበር አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ያለው የቡድኑ ውሳኔ ነው።

ካዲላክ የመጀመሪያ ዘመኑን ሊጀምር ሲል ወጣት አልፈለገም። ሜክሲኳዊውን ሰርጂዮ ፔሬዝንና ፊንላንዳዊውን ቫልተሪ ቦታስን መረጠ። ሁለቱም ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ናቸው፤ በጠቅላላው 16 ጊዜ አሸንፈዋል። አዲስ ቡድን መኪናው ምን እንደጎደለው ገና አያውቅም፤ ስለዚህ ጉድለቱን ለመሐንዲሶች በትክክል የሚነግር፣ ብዙ መኪና የነዳ ሰው ያስፈልገዋል። መርሴዲስ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ። ሉዊስ ሃሚልተን ወደ ፌራሪ ሲሄድ ቦታውን ለ18 ዓመቱ ጣልያናዊ ለኪሚ አንቶኔሊ ሰጠ። አንቶኔሊ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 መጨረሻ ሞንዛ ላይ ለልምምድ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ መኪናውን አጋጭቶ ነበር። ቡድኑ በማግስቱ መመረጡን አስታወቀ። የመዘኑት ከልጅነቱ ጀምሮ ራሳቸው ኮትኩተው ያሳደጉትን ችሎታ እንጂ የአንድ ከሰዓት አደጋን አልነበረም።

ከአዋሽ ሸለቆ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ምሳሌ ግን ከኬንያ ይመጣል። የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ የተካሄደው ናይቫሻ አካባቢ፣ አፋርን አቋርጦ በሚያልፈው በዚያው በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚያ ውድድር ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ታካሞቶ ካትሱታ ነበር። ካትሱታ የጀመረው በለሰለሰ የውድድር አስፋልት ላይ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2015 መርጦ ፊንላንድ ወስዶ፣ በበረዶና በጠጠር ላይ ለዓመታት አሠለጠነው። ቶዮታ ስመ ጥር ራሊ ነጂዎችን መቅጠር አላቃተውም፤ ከእነሱ ጎን የራሱን ሰው ለማሳደግም ዓመታትና ገንዘብ መደበ።

ልምድ ያለውን መቅጠር ይሻላል ወይስ ወጣቱን ማሳደግ? ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ባቡርም አዲስ አይደለም።

የድሮው የምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። በእንፋሎት ዘመን ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ስለነበር፣ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር፤ አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው የቡፌ ሆቴል የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ሐዲዱ ጠባብ፣ ኩርባው ብዙ፣ ቁልቁለቱ ረጅም ነበር። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ነጂው እያንዳንዱን ኩርባ በቃሉ ማወቅ ነበረበት።

በጥር 1977 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ ይህንኑ በመራራ መንገድ አሳየ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ይጓዝ የነበረ ፈጣን ባቡር አዋሽ አቅራቢያ፣ በገደል ላይ በተዘረጋ ኩርባ ድልድይ ሲያልፍ ፉርጎዎቹ ከሐዲድ ወጥተው ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። መንግሥት ምክንያቱ ኩርባው ላይ ፍጥነት አለመቀነሱ መሆኑን አስታወቀ፤ ነጂውም ታሰረ። አንድን ሰው ተጠያቂ ማድረግ ቀላል ነው። ያንን ሰው ለዚያ ወንበር ማን አበቃው፣ በምን መዘነው፣ ከማን ጋር አሰማራው የሚለው ጥያቄ ግን ከአንድ ሰው በላይ ነው፤ እያንዳንዱ የትራንስፖርት ድርጅት ለራሱ ሊመልሰው ይገባል።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን በታኅሣሥ 2010 ነው። መስመሩ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ አዋሽን ጨምሮ ነጠላ ነው። ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት በጣቢያ ብቻ በመሆኑ፣ ነጂው የምልክት መብራትንና የመቆጣጠሪያ ማዕከልን ትእዛዝ ለሰከንድ እንኳ ችላ ማለት አይችልም።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መስመሩን ያስተዳደሩትና ባቡሩን የነዱት ሐዲዱን የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ባለሙያዎች ነበሩ። ልምድ ያለው ሰው መቅጠር ማለት ይህ ነው። ጎን ለጎን ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ወጣቶች ተመልምለው፣ ከፊሎቹ ቻይና ድረስ ተልከው ሠለጠኑ። ሲመለሱ መሪው ወዲያው አልተሰጣቸውም፤ ነባሩ ሲነዳ እያዩ፣ ከዚያም ነባሩ እያያቸው እየነዱ ነው የበቁት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የአስተዳደሩ ሙሉ ርክክብ በይፋ ሲፈጸም፣ ባቡሩን በሀገር ልጆች ለመምራት የሚያስችል ኃይል ተዘጋጅቶ ነበር። በምልመላ ተጀምሮ በርክክብ የተጠናቀቀው ይህ ሥራ በሀገሪቱ ከታዩት የአሽከርካሪ ምርጫና ሥልጠና ሥራዎች ሁሉ በስፋቱም በትዕግሥቱም የላቀ ነው ማለት ይቻላል።

ቻይና ውስጥ የሠለጠነ ነጂ አዋሽ ሲደርስ ግን በመጽሐፉ ያልነበረ ነገር ይገጥመዋል፤ ግመል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ከከብትና ከግመል ጋር በተደጋጋሚ ይጋጭ ነበር፤ በዚህም የጉዞው ሰዓት ይዛባ፣ በድርጅቱና በአርብቶ አደሮቹ መካከልም የካሣ ክርክር ይነሳ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ቶን የጎተተ ሎኮሞቲቭ ፍሬን ስለተያዘ ብቻ ቶሎ አይቆምም። ነጂው መንጋው የሚሻገርበትን ቦታና ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህን የሚያውቀው ደግሞ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ ሰሜን በሚታጠፈው አስፋልት ላይ ያለው ምርጫ ከዚህ በጣም ይለያል።

ከአዋሽ እስከ ሰመራ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ የተነሳ መኪና ሰመራ ሲደርስ ወደ 2,000 ሜትር ያህል ወርዷል። ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አስፋልቱ ይግላል፤ በአየር የተወጠረ ያረጀ ጎማ ይፈነዳል፤ ራዲያተር ይፈላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፍሬን የማያነሳ ሹፌር ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይዝም። ጥሩ ሹፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው አድርጎ ይወርዳል። ይህን በወረቀት ፈተና መለየት አይቻልም። አጠገቡ ተቀምጦ አንድ ቁልቁለት አብሮ መውረድ ይበቃል።

የመንጃ ፈቃዱ ሕግ ደረጃ በደረጃ የተዘጋጀ ነው። ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነት ለየብቻ ፈቃድ አላቸው፤ እያንዳንዱም እንደ መኪናው ዓይነትና መጠን ይከፋፈላል። ባለ ተሳቢ የሚነዳ ሰው ከላይኛው ደረጃ መድረስ አለበት፤ ቦቴ የሚነዳው ደግሞ የፈሳሽ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በታንከሩ ውስጥ የሚናወጠው ነዳጅ መኪናውን በኩርባ ላይ ወደ ጎን ይገፋዋልና። እንደ ሱፐር ላይሰንሱ ሁሉ ይህም ፈቃድ በር ያስገባል። ወንበሩን የሚሰጠው ባለ መኪናው ነው።

ባለ መኪናው በምን ይመርጣል? ትልልቆቹ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት፣ የቅጥር ሥርዓት አላቸው። አንድ ወይም ሁለት መኪና ያለው ባለሀብት ግን የሚተማመነው በሰው ምስክርነት ነው። «ያንን ልጅ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ይፈለጋል፤ ከዚያ ተያዥ ይጠየቃል። ተያዡ መኪናው ወይም ጭነቱ ቢጠፋ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ነው። ይህ አሠራር ንብረትን ለመጠበቅ የተበጀ ነው፤ ሹፌሩ ከገዋኔ ወዲያ ሌሊት እንቅልፍ ሲጫነው ዳር ይዞ እንደሚያርፍ ወይም እንደማያርፍ ግን ምንም አይናገርም።

በዚህ መስመር እውነተኛው ትምህርት ቤት ረዳትነት ነው። ረዳቱ ጎማ ይቀይራል፣ ሸራ ያስራል፣ ውኃና ዘይት ያያል፣ ሌሊት ጭነት ይጠብቃል። ከሹፌሩ ጎን ሆኖ የትኛው ድልድይ እንደሚጠብ፣ ሚሌ ፍተሻ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያስቆም፣ ሎግያ የት ቢያድሩ ደኅና እንደሆነ ይማራል። መኪናው ባዶ ሲሆን፣ ሹፌሩ ደግ ከሆነ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ መሪውን ያስይዘዋል። ብዙዎቹ ነባር ሹፌሮች ያደጉት እንዲህ ነው። ቶዮታ ለካትሱታ፣ ባቡሩም ለወጣቶቹ በገንዘብና በዕቅድ ያደረጉት፣ እዚህ በሹፌሩ ቸርነት ብቻ ይከናወናል። ረዳቱ ስንት ዓመት እንዳገለገለ የሚመዘግብ የለም፤ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድም ያ ሁሉ ዕውቀት አይቆጠርለትም።

ከሁሉ የተረሳው መለኪያ ሀገሩን ማወቅ ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ጥንታዊ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አላቸው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይነጋገራሉ፤ እያንዳንዱም የሰማውን ለሚቀጥለው ያደርሳል። የት ዝናብ እንደጣለ፣ መንጋው ወዴት እንደተንቀሳቀሰ፣ የትኛው ወንዝ እንደሞላ ዳጉ ያውቃል። ቋንቋውን የሚሞክርና ቆሞ ሰላም የሚል ሹፌር ከዚህ ዕውቀት ይካፈላል። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይም ዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ሲፈነዳ፣ በመስመሩ ላይ የነበረ ሹፌር ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ይህ ዓይነት ወሬ ነበር። ግመል ቢገጭም እንዲሁ ነው። ጉዳዩ በአካባቢው ሽማግሌዎች ፊት በባህሉ ሕግ ይታያል፤ ሸሽቶ የሄደ ሹፌር ከኋላው የሚመጡትን ሁሉ ለጣጣ ይዳርጋል።

እንዲህ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ከሰመራና ከአዋሽ የሚወጡ የአፋር ወጣቶች በዚህ መስመር መሪ በብዛት የማይይዙት ለምንድን ነው? ሙቀቱን ከልጅነታቸው የለመዱ፣ ቋንቋውንና ሕጉን የሚያውቁ፣ መንጋው የሚሻገርበትን ቦታ ሳይነገራቸው የሚረዱ ናቸው። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሰመራ ደረቅ ወደብም አላት፤ በየቀኑ በደጃቸው የሚያልፈው ከባድ መኪናም ብዙ ነው። የጎደለው በዕቅድ መልምሎ፣ ረዳትነትን እንደ ትምህርት ቆጥሮ፣ ከነባር ሹፌር ጋር አጣምሮ የሚያሳድግ ተቋም ነው።

ጊዜውም ይጠይቃል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አቅራቢያ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የ392 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ግንባታ በየካቲት 2007 ዓ.ም. ተጀምሯል። ይህ ሐዲድ ሥራ ሲጀምር አዋሽ የሁለት የባቡር መስመሮች መገናኛ ትሆናለች። የባቡር ነጂ በአንድ ክረምት አይሠለጥንም፤ የመጀመሪያው መስመር ከምረቃ እስከ ሙሉ ርክክብ ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቷል። ምልመላው አሁን፣ አዋሽና ሰመራ ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቢጀመር፣ ወንበሩ ሲከፈት የሚቀመጥበት ሰው ዝግጁ ሆኖ ይገኛል።