ጥቂት ሥራ ሲፈጸም አብሮ ስለ መደሰት

ሰርግ፥ ክርስትና፥ ሹመት የታወቀ ሥርዐት አላቸው። ማን እንደሚጠራ፥ ማን በየት እንደሚቀመጥ፥ ምን እንደሚታረድ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን በሰው ዕድሜ የሚበዛው ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ነገር ነው። እንግዲህ ሰው ከብዙ ቀን ድካም በኋላ አንዲት ጥቂት ሥራ የፈጸመ እንደ ሆነ ደስታውን ለማን ይንገር? ይህን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ለማንሣት ያሰብነው፥ በገዛ ቤታችን የሆነው ነገር ስላሳፈረን ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር እንግዶች አልነበሩም። ልጁ ፊደል ቈጥሮ፥ ንባቡን ለይቶ፥ 150ውን መዝሙር ከጸሎተ ነቢያት፥ ከመኃልየ መኃልይና ከውዳሴ ማርያም ጋራ የፈጸመ እንደ ሆነ፥ ዳዊት ደገመ ተብሎ ወላጆቹ እንደ ዐቅማቸው ይደግሱ ነበር፤ መምህሩ ይጠራሉ፥ ዘመዶችም ልጁን ይሸልሙታል። የቅኔ ቤት ልማድ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። ተማሪው በመጀመሪያ የሚቈጥረው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ፥ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ሲነግር ያማረለት እንደ ሆነ፥ ከየማዕዘኑ «ይበል! ይበል!» ይባልለታል። ለሁለት ቤት ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድር ነው የሚል ሰው ቅኔ ያልሞከረ ሰው ነው። «ይበል» የሚሉት ጓደኞቹ ግን ያችው ሁለት ቤት ትናንት ለእነርሱ እንዴት ርቃ እንደ ነበረች ያውቃሉ።

እኛም በዚያ ቤት ጥቂት ዘመን ቈይተን ኋላ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን ነበርና፥ ሁለቱን ለማመዛዘን ይቻለናል። በሚሲዮኑ በዓመቱ መጨረሻ ስማችን ተጠርቶ መጽሐፍ ስንሸለም፥ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበልን። ጭብጨባው መልካም ነበር፤ ከደጅ እስክንወጣ ድረስ ግን አለቀ። በሒሳቡ ምክንያት ስንት ሌሊት እንዳለቀስን የሚያውቅ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ አልነበረም። የቅኔ ጓደኞቻችን «ይበል» ያሉት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም።

ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። እናታችን በልጅነታቸው ሳይማሩ ቀርተው፥ ዕድሜአቸው ከ60 ዓመት ካለፈ በኋላ ከልጃችን ዘንድ ፊደል መቍጠር ጀመሩ። እኛ ነገሩን ፈገግ ብለን አለፍነው። አንድ ማታ ከሥራ ደክመን ስንገባ፥ «ልጄ፥ እስቲ ተቀመጥና ስማኝ» አሉና መጽሐፋቸውን ከፍተው፥ ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ ማንበብ ያዙ። በመካከሉ «ሎ»ን «ሉ» ብለው አነበቡት። እኛም የጸሐፊነት ልማድ ይዞን መሥመሩ ገና ሳያልቅ፥ «ሎ ነው እንጂ ሉ አይደለም» አልን። እናታችን ምንም አልመለሱም። መጽሐፉን ዘግተው ከራስጌአቸው አኖሩት፤ ከዚያም ማታ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ በእኛ ፊት ሳይከፍቱት ቀሩ። በሥራችን ብዙ ጽሑፍ አርመናል፤ እንደዚች እርማት ያለ ጸጸት ግን አላገኘንም።

ነገሩን ያቀኑት ጎረቤታችን ናቸው። እኒህ ወይዘሮ በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በተጀመረው፥ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ባስተማረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፥ ልጅ በጀርባቸው አዝለው የተማሩ ናቸው። ቡና አስፈልተው፥ ዳቦ አስቈርሰው፥ «በመጀመሪያው ቀን እርሳሱ ከዘነዘና ከብዶኝ ነበር፤ በሉ እትዬ፥ ያችኑ መሥመር ያሰሙኝ» አሏቸው። እናታችን አነበቡ፤ «ሎ»ንም ዳግመኛ «ሉ» አሉት። ወይዘሮዋ ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙና እልልታውን አቀለጡት። እልልታው ሲበርድ እናታችን ጣታቸውን ወደ ኋላ መልሰው፥ «ቈዩ እስቲ፥ ይህችስ ሎ ናት» አሉ።

ከአንባቢዎቻችን መካከል፥ ይህ ውዳሴ ከንቱን አያመጣምን የሚል አይጠፋም። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 የተነገረላት ሴት ከ10 ድሪሟ አንዱ ጠፍቶባት ባገኘችው ጊዜ፥ ወዳጆቿንና ጎረቤቶቿን ጠርታ አብራቸው ደስ አላት እንጂ፥ ለአንድ ድሪም ሰው ይጠራልን ብላ አልተወችም። ደግሞም የጠራችው የሚያውቋትን ነው፥ አገሩን ሁሉ አይደለም። የሚጠራውን ሰው መምረጥ ያስፈልጋልና። «የእኔ የልጅ ልጅ እኮ በ5 ዓመቷ ታነባለች» የሚል እንግዳ ቡናውን ጠጥቶ የባለ ቤቱን ደስታ ይዞ ይሄዳል። ከበታቻቸው ሰው የሚያሠሩ አንባቢዎቻችንም፥ አንድ ወጣት ጸሐፊ የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ ሲቀርብ ስሕተቱን ከመፈለጋቸው አስቀድሞ ዐይኑን ቢመለከቱ እንለምናለን። እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

እናታችን ዛሬ ዳዊት ይዘዋል። በግእዙ ቈጠራ ከ118ኛው መዝሙር፥ ከሁሉ ከሚረዝመው፥ 22 ክፍል ካለው ደርሰዋል። በየቀኑ አንድ ክፍል ያነባሉ፤ ልጃችንም በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት ታደርጋለች። በጉ ከአሁኑ ተገዝቶ ከጓሮ ታስሯል፤ ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። ለእኛም ከእናታችን በስተ ቀኝ መቀመጫ ተሰጥቶናል፤ ንባቡ እስኪያልቅ ድረስ ቃል መተንፈስ ግን አልተፈቀደልንም።