«እገሌ» ማነው? ከ«አለ» እና ከ«ሁሉም» ጋር ትውውቅ

ሰው ሁሉ ሟች ከሆነ ሶቅራጥስም ሟች ነው። ሶቅራጥስ ፈላስፋ ከሆነ ደግሞ ፈላስፋ የሆነ ሰው አለ። ከ«ሁሉም» ወደ አንዱ መውረድም ሆነ ከአንዱ ተነስቶ «አለ» ማለት ማንንም አያከራክርም። የሎጂክ ጣጣ ያለው በተቃራኒው መንገድ ላይ ነው።

ከቤት ገንዘብ ጠፋ እንበል። የወሰደው ሰው አለ። መርማሪው ይህን ሰው ለጊዜው «እገሌ» ብሎ ሊያወጣና ሊያወርድ ይችላል፦ በሩ ካልተሰበረ እገሌ ቁልፍ ነበረው ማለት ነው። «እገሌ የጎረቤት ልጅ ነው» ብሎ መነሳት ግን አይችልም። ስሙ አዲስ፣ በክርክሩ ውስጥ ለማንም ያልዋለ መሆን አለበት፤ መደምደሚያው ላይም መታየት የለበትም። (ሐሜት በአብዛኛው ይህን ሕግ በመጣስ ነው የሚኖረው።)

ከአንዱ ወደ «ሁሉም» መውጣትም ይቻላል። ዩክሊድ አንድ ሦስት ማዕዘን ስሎ ለሦስት ማዕዘኖች ሁሉ ይደመድማል፤ ምክንያቱም ከሦስት ማዕዘንነቱ በቀር ስለዚያ ሥዕል ምንም የተለየ ነገር አልተጠቀመም። ሁለት ጎኖቹ እኩል ናቸው የሚለውን አሾልኮ ቢያስገባ ኖሮ ማረጋገጫው በዚያው ይፈርስ ነበር።

ስህተት የሚበዛው ሁለቱ ሕጎች ሲገናኙ ነው። እያንዳንዱ ሰው እናት አለችው። እገሌን እንውሰድ፤ እናቱን «እገሊት» እንበላት። እገሌ ማንም ሊሆን ይችላልና እገሊት የሁሉም እናት ናት? አይደለችም። የመረጥናት እገሌን አይተን ስለሆነ፣ እሷ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እስካለች ድረስ በእገሌ ቦታ «ሁሉም»ን ማስገባት ክልክል ነው።

የአሪስቶትል ሎጂክ እንዲህ ያለውን የ«ሁሉም» እና የ«አለ» መደራረብ የሚይዝበት መንገድ አልነበረውም። ይህን መንገድ የከፈተው ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ ነው፣ በ1879 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ። ሕጎቹን የሒሳብ ሰው በተግባር በሚያስብበት መልክ ያስቀመጠው ግን ገርሃርድ ጌንትሰን ሲሆን፣ ለ«ሁሉም»ም ለ«አለ»ም አንድ የመግቢያና አንድ የመውጫ ሕግ ሰጣቸው። ለእኔ ከፍሬገ አጻጻፍ ይልቅ የሚነበበው የእሱ ነው። የ«ሁሉም» ምልክት የሆነውን የተገለበጠውን የላቲን «A»ም ያመጣው እሱ ነው።

ዛሬ እንደ ኢዛቤልና ሊን ያሉ የሒሳብ ማረጋገጫ መርማሪ ፕሮግራሞች በእነዚህ ሕጎች ይሠራሉ፤ ሕጎቹ ካልተጠበቁ ማረጋገጫውን አይቀበሉም።