ከጭረቷ ወዲያ

እ.ኤ.አ. በማርች 2016 የሂላሪ ክሊንተን የምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ለነበሩት ለጆን ፖዴስታ አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። ከጉግል የመጣ ማስጠንቀቂያ ይመስላል፤ የይለፍ ቃልዎን የያዘ ሰው ከዩክሬን ሊገባ ሞክሯልና አሁኑኑ ይቀይሩ ይላል። ከሥሩ ሰማያዊ በተን አለ።

ረዳቶቻቸው ዘለው አልተጫኑትም፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ጠየቁ። ባለሙያው «ትክክለኛ ኢሜይል ነው» ብሎ መለሰ። ኋላ ላይ «ሐሰተኛ ልል ብዬ ነው» ያለው ይኸው ሰው እውነተኛውን የጉግል ሊንክም አያይዞ ልኮ ነበር። የተጫኑት ግን የመጀመሪያውን ነው! በኦክቶበር ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያወጣው ዊኪሊክስ የፖዴስታን ኢሜይሎች በሺዎች እያደረገ ማውጣት ጀመረ። በ2018 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ 12 የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖችን በዚህና በመሰል ጠለፋዎች ከሰሰ።

በአጭር ሊንክ የተሸፈነው አድራሻ ሲገለጥ እንዲህ ይነበባል፦ ማይአካውንት ዶት ጉግል ዶት ኮም-ሰኩሪቲሴቲንግፔጅ ዶት ቲኬ። ዓይን «ጉግል ዶት ኮም» ላይ ሲደርስ ረክቶ ይቆማል። የድረ ገጹ ባለቤት የሚታወቀው ግን ከመነሻው https:// ቀጥሎ ከሚመጣው የመጀመሪያው እዝባር (/) በፊት ያለውን ከኋላ ወደ ፊት ሲያነቡት ነው። መጨረሻው ቲኬ ነው፤ የፓስፊኳ ቶክላው መለያ ሲሆን ያን ጊዜ ለማንም በነጻ ይታደል ነበር። የተመዘገበው ስም «ኮም-ሰኩሪቲሴቲንግፔጅ» ነው፤ ጭረቷ «ኮም»ን ከተከታዩ ቃል ጋር አንድ ስም አድርጋዋለች። ከዚያ በፊት ያለው «ጉግል» አጭበርባሪው እንደፈለገ የለጠፈው ነው። «ዲቪ ደርሶዎታል» የሚል ኢሜይል የመጣለትም እንዲሁ የሊንኩን አድራሻ መጨረሻ ይይ፤ የአሜሪካ መንግሥት ገጽ በዶት ገቭ ያልቃል፣ የዲቪ ዕጣም በኢሜይል አይነገርም።

ፊደል ግድፈት ፈልጉ የሚለው ምክር ግን ጊዜው አልፎበታል፤ ዛሬ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ተስተካክሎ ይመጣል። እኔ ብሆን ኢሜይሉን ከመመርመር ሊንኩን ትቼ አድራሻውን ራሴ ብጽፍ እመርጣለሁ። በስልክ መልእክት የሚላክ ኮድም ቢሆን ሙሉ መከታ አይደለም፤ ሐሰተኛው ገጽ ኮዱን ተቀብሎ ወዲያው ለእውነተኛው ያሻግረዋል። ፓስኪይ (በይለፍ ቃል ፈንታ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚቀመጥ ቁልፍ) ወይም ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የደኅንነት ቁልፍ የሚሻለው አድራሻውን ራሱ ስለሚያመሳክር ነው። ባልተመዘገበበት ገጽ ላይ መልስ አይሰጥም፤ አይደነግጥም፣ አይቸኩልም። ጉግል ከ85,000 በላይ ሠራተኞቹን ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ቁልፉን እንዲጠቀሙ ካስገደደ በኋላ፣ በፊሺንግ (በእንዲህ ያለ የማታለያ መልእክት) መወሰዱ የተረጋገጠ የሥራ አካውንት እንደሌለ በ2018 ተናግሯል።

የይለፍ ቃሉን አስቀድሞ አስገብቶ የነቃ ሰው በእውነተኛው ገጽ ገብቶ ይቀይር፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች ሁሉ ከአካውንቱ ያስወጣ፤ የኢሜይል ማስተላለፊያ ቅንብሩንም ይፈትሽ። ሌባው የእያንዳንዱን መልእክት ቅጂ ወደ ራሱ የሚልክ ትእዛዝ እዚያ ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ የይለፍ ቃል መቀየርም እሱን አያጠፋውም።