ከወረርሽኙ የተረፈው የኪራይ ሕግ

አዲስ አበባ ወረርሽኝን ታውቀዋለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወደ 10,000 የሚጠጋ ነዋሪዋን እንደቀጠፈባት ይገመታል። ከዚያ መከራ የተረፈው ልማድ ነው፦ ኅዳር ሲታጠን። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል፣ ከተማውም በጭስ ይታፈናል። ኮቪድስ ምን ትቶልን ሄደ ቢባል፣ የእኔ መልስ የቤት ኪራይ ሕግ ነው።

በኒውዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ መሥራት ስለጀመረ የቢሮ ሕንጻዎች ባዶ ቀርተው ባለንብረቶቹን አስጨንቀዋል። እኛ ዘንድ ከቤት ሆኖ መሥራት የጥቂቶች ዕድል ስለነበር ጭንቀቱ የመጣው በመኖሪያ ቤት በኩል ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ሲገለጽ «ታጠቡ፣ ተራራቁ» ተባለ። በቀበሌ ቤቶች ግቢ ግን ብዙ አባወራ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ይጋራል፤ ውኃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ማን ከማን ይራቅ? ኮንዶሚኒየም የደረሰው የራሱ መጸዳጃ አለው፤ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ካልደረሰ ግን ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣቱ አይቀርለትም።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ማስፈጸሚያ ደንቡ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምርበት ከለከለ። ዕቃውን ጭኖ ከደላላ ደላላ የሚዞር ሰው «ቤት ተቀመጥ» ቢባል የት ይቀመጣል? ችግሩ ግን አብዛኛው ኪራይ የቃል ስምምነት መሆኑ ነበር። «ልጄ ከዐረብ አገር ልትመጣ ነው»፣ «ቤቱን ልናድሰው ነው» የሚል አከራይ ሲመጣ፣ ተከራዩ በእጁ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። በሌላ በኩል አከራይ ሁሉ ባለፎቅ አይደለም። ከጓሮ ባሉ ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ኪራይ የሚተዳደሩ ጡረተኛ እናት፣ ተከራያቸው ከሥራ ሲወጣ እሳቸውም ገቢ አጡ። ደንቡ ሸክሙን ከተከራዩ አንሥቶ እሳቸው ትከሻ ላይ አሳረፈው፤ ስለ ማካካሻ ያነሣው ነገር አልነበረም።

አዋጁ ከአምስት ወር በኋላ አበቃ፤ ሐሳቡ ግን አብሮት አልሞተም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከተማ አስተዳደሩ ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን ለሦስት ወር ከለከለ፤ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ አራዘመው። በዚህን ጊዜ ምክንያቱ የኑሮ ውድነት እንጂ ቫይረስ አልነበረም። መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ይሁን ይላል። ግማሽ ዓመት ቀድሞ ሲከፍል ለኖረ ተከራይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አከራዩ ለምን እንደደነገጠም ይገባኛል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራይም ሲቀንስ ያየ ቤተሰብ፣ «ምዝገባ» ሲባል ቤቱን የሚቆጥርበት እንጂ ውሉን የሚያጸናለት ሰው የመጣ አይመስለውም። ዛሬ ያረጁትና የተጨናነቁት የቀበሌ ቤቶች ብዙዎቹ የዚያ አዋጅ ውርስ ናቸው። በ2016 ፒያሳ ላይ ሲፈርሱ ምክንያቱ የኮሪደር ልማት ነበር፤ በወረርሽኙ ጊዜ ያስጨነቀን የጋራ ሽንት ቤት ነገር ብዙም አልተነሣም።

አዲሱ አዋጅ የሚጠብቀው ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ነው። ጭማሪው እንደሚገደብበት ያወቀ አከራይ የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍ አድርጎ ቢጀምር ማን ይፈርድበታል? ያንን ዋጋ የሚከፍሉት ገና ጎጆ የሚወጡ ወጣቶችና ከክፍለ ሀገር ለሥራ የሚመጡ ናቸው፤ እነሱን የሚያሳርፈው አዲስ ቤት ሲሠራ ነው፣ አዋጁ ደግሞ ቤት አይሠራም።