ቡና ስንቆላ ሳንሳሳት ስናደርቅ ለምን እንሳሳታለን?

በጅማ ከተማም ሆነ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ በሚገኙ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ቡና ሲቆላ አስተውሎ ለተመለከተ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። ቡናውን የምትቆላው ሴት ዓይኗን ከብረት ምጣዱ ላይ አንሥታ ከጎረቤቷ ጋር ትጨዋወታለች፤ ልጇን ትልካለች፤ ስኒዎቿን ትደረድራለች። ይሁን እንጂ ምጣዱን ከፍሙ ላይ የምታወርድበት ቅጽበት ከቀን ወደ ቀን እምብዛም አይዛነፍም። ቴርሞሜትር የላትም፤ ሰዓትም አትመለከትም።

ይኸው ቡና ከወራት በፊት በማድረቂያ አልጋ ላይ በነበረበት ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ሃያና ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ ያሳለፈ ገበሬ «ደርቋል» ብሎ በጆንያ የከተተው ጀንፈል በመለኪያ መሣሪያ ሲፈተሽ ገና እርጥበት የቋጠረ፣ አለዚያም ከሚገባው በላይ የደረቀ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ሥራዎች የሚከናወኑት በስሜት ሕዋሳት ነው። የሥራዎቹ ባለቤቶችም ብዙውን ጊዜ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። ታዲያ የአንደኛው ሥራ ዕውቀት ከዓመት ዓመት ሲስል የሌላኛው በነበረበት የሚቆመው ስለምን ይሆን? ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የተነሣ አይደለም። የአካባቢው ገበሬ የዓመት ገቢ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነውና።

ምጣዱ ምን ይናገራል?

በሚገባ የደረቀ ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ምጣዱ ላይ ሲያርፍ በመጀመሪያ ይህ ውሃ መትነን ይጀምራል፤ አረንጓዴው ፍሬ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ሽታውም የቆሎ ሽታ ይመስላል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ በስኳርና በአሚኖ አሲዶች መካከል አንድ ኬሚካዊ ለውጥ ይካሄዳል። ለውጡ እ.ኤ.አ. በ1912 ባጠናው ፈረንሳዊ ኬሚስት ስም የማያር ለውጥ ይባላል። የዳቦን ቅርፊት የሚያቀላውም ይኸው ነው። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ደግሞ በፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሕዋሶቹን ግድግዳ ይሰነጥቀዋል። ቡናው ይንጣጣል።

እንግዲህ ቆዪዋ ጀርባዋን ብትሰጥም እንኳ አፍንጫዋና ጆሮዋ ሥራ ላይ ናቸው። ቀለሙ፣ ሽታው፣ ድምፁና ጭሱ አንዱ ሌላውን እየተከተሉ አንድን ነገር በአራት ቋንቋ ይነግሯታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። የተቆላው ቡና እየጨሰ በእንግዶች ፊት ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሰው ጭሱን ወደ አፍንጫው እየሳበ ያደንቃል ወይም ዝም ይላል። ይህን ልማድ ብዙዎቻችን የምናውቀው እንደ ክብር መግለጫ ብቻ ነው፤ በእኔ ግምት ግን በየቀኑ የሚካሄድ የጥራት ቁጥጥርም ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላም አቦሉ ተቀድቶ ይቀመሳል። ቡናው አርሮ ከሆነ ይመርራል፤ አልበሰለ ከሆነ ይጎመዝዛል። ስሕተቱ የተሠራበት ቅጽበት ገና ከአእምሮ ሳይጠፋ ፍርዱ ይሰጣል።

ጀበናም ቢሆን ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። የጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ማወቅ ግን ለአፍዪዋ አያስፈልጋትም። የጀበናው ጠባብ አንገት ከታች የሚነሣውን አረፋ ሰብስቦ ወደ ላይ ስለሚገፋው ገና ሊገነፍል ሲል ይታያታል፤ ጥቂት ቀድታ ታበርደዋለች፤ መልሳም ትጨምረዋለች። ጀበናው ማቶቱ ላይ ሳይሰክን ከተቀዳም አተላው ስኒው ውስጥ ገብቶ ወዲያውኑ ያሳጣል።

መደጋገም ብቻውን አያስተምርም

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1931 በታተመ መጽሐፉ ውስጥ እጅግ ቀላል የሆነ ሙከራ አስፍሯል። ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው የተወሰነ ርዝመት ያለው መስመር ደጋግመው እንዲያሰምሩ ተደረገ። ምን ያህል እንደ ተቃረቡ ካልተነገራቸው በስተቀር እጅግ ብዙ ጊዜ ቢደጋግሙም አልተሻሻሉም። «ትክክል» ወይም «ስሕተት» የሚል ቃል ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሲሰሙ ግን እጃቸው በፍጥነት ተማረ።

ይህን በአእምሯችን ይዘን ወደ ማድረቂያው አልጋ እንመለስ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚለቀመው ቀይ እሸት ቡና ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ሳይታጠብ ከነሽፋኑ የሚደርቀው ቡና ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ በፀሐይ ላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሁሉ መገላበጥ፣ በቀትር ከኃይለኛ ፀሐይ፣ በማታ ከጤዛ መሸፈን ይኖርበታል፤ የደረቀ ፍሬ ከእርጥብ አየር ውስጥ ውሃ መልሶ ይጠጣልና። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ ዝናቡ ቶሎ አይወጣም።

መድረቁ የሚታወቀው እንዴት ነው? ገበሬው አንድ እፍኝ ጀንፈል አንሥቶ በጆሮው አጠገብ ይነቀንቃል፤ ከተንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። ወይም ሽፋኑን ፈልጦ ፍሬውን በጥርሱ ይነክሳል። እነዚህ ዘዴዎች ሞኝነት አይደሉም። ፍሬው ውሃውን ሲያጣ ስለሚኮማተር ከሽፋኑ ይላቀቃል፤ ሲነቀነቅም ይመታዋል። ነገር ግን ድምፁ የሚያስረዳው ፍሬው መላቀቁን እንጂ በውስጡ ስንት በመቶ ውሃ እንደ ቀረ አይደለም።

የእጅ ሚዛንስ? እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ብንሠራ ይበጃል። ጀርመናዊው የሥነ አካል ሊቅ ኤርንስት ዌበር እ.ኤ.አ. በ1834 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ሰው ሁለት ነገሮችን በእጁ አንሥቶ የክብደት ልዩነታቸውን የሚያውቀው ልዩነቱ አርባ አንደኛ ያህል ሲደርስ ነው። አሁን 12 በመቶ ውሃ ያለውን አንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ ቡና እንውሰድ። በውስጡ 880 ግራም ደረቅ ነገር አለ። ያው ደረቅ ነገር 14 በመቶ ውሃ ቢይዝ ኖሮ ጠቅላላው 1,023 ግራም ይመዝን ነበር። ልዩነቱ 23 ግራም፣ ማለትም አርባ ሦስት አንደኛ ያህል ነው። በሚቆየውና በሚሻግተው ቡና መካከል ያለው ልዩነት የሰው እጅ ከሚለየው ድንበር በታች ወድቋል ማለት ነው። ያውም ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ለማወዳደር ዕድል ላገኘ ሰው!

ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ይጎዳል። ከመጠን በላይ የደረቀ ፍሬ ሲፈለፈል ይሰባበራል፤ መዓዛውም ይቀንሳል። እርጥበቱ ያልወጣለት ደግሞ በጆንያ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ ኦክራቶክሲን ኤ የተባለ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። መቁላት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ ለተቆላ ቡና የፈቀደው ከፍተኛ መጠን በአንድ ኪሎ ግራም 3 ማይክሮግራም ነው፤ ቀድሞ 5 ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። 14 በመቶ ውሃ ያለው አንድ ኩንታል ቡና 12 በመቶ እስኪደርስ ቢደርቅ 97.7 ኪሎ ይሆናል። ዋጋው በኪሎ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ በትዕግሥት ያደረቀው ሰው 2.3 ኪሎ ከስሯል። ስለዚህ ገበሬው ስለ ጥራት የሚሰማው ምላሽ መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ በዕለቱ ከሚዛኑ የሚያገኘው ምላሽ የተገላቢጦሽ ነው። ገበሬውን «ለጥራት ግድ የለውም» እያሉ የሚወቅሱ ባለሙያዎች ይህን ሒሳብ ቢሠሩት ጥሩ ነበር።

ቡናው ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ ሲሻገር ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ሻጋታው የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም ባሕር ማዶ በሚገኝ ቀማሽ ምላስ ላይ ነው። ያ ቀማሽ የሚያውቀው «ጅማ 5» የሚለውን የንግድ ስም ነው። ይህ ስም በዓለም ገበያ ለብዙ ዓመታት ያልታጠበና በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ ቡና መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። ስለ ጉድለቱ የሚሰጠው ፍርድ ወደ አጋሮ አልጋዎች የሚመለስበት መንገድ ግን አልነበረም። ገበሬው የቶርንዳይክን መስመር ዓይኑን ጨፍኖ ሲያሰምር ኖረ።

መልሱ ሲመለስ

እ.ኤ.አ. በ2010 በአጋሮ አካባቢ ዱሮሚና የተባለ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። የስሙ ትርጉም በአፋን ኦሮሞ ኑሮን ማሻሻል ነው። አባላቱ ቀድሞ ቡናቸውን ሳያጥቡ ይሸጡ ነበር። ቴክኖሰርቭ ከተባለው ድርጅት በተገኘ ሥልጠናና ምክር የመፈልፈያና የማጠቢያ ጣቢያ አቋቋሙ፤ ቀይ እሸት ብቻ መለየትን፣ አልጋ ላይ በጥንቃቄ ማድረቅን ሥርዓት አደረጉ። በ2012 የምሥራቅ አፍሪካ ምርጥ ቡናዎች ማኅበር ባዘጋጀው ውድድር ላይ ዓለም አቀፍ ዳኞች የዱሮሚናን ቡና ከአፍሪካ ምርጥ ብለው መረጡት። ሁለት ዓመት!

ዛፎቹ ያው ዛፎች፣ አፈሩም ያው አፈር ነበር። ለውጡን ሁሉ ለግብረ መልስ መስጠት ግን ሳይንሳዊ አይሆንም፤ ማሽኑ፣ ብድሩና ንጹሕ ውሃውም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም የአንድ ጣቢያ ቡና ለብቻው ተቀምሶ፣ ለብቻው ተሽጦ፣ ውጤቱ ለዚያው ጣቢያ ሰዎች መነገሩ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅም ምንጩ የታወቀ ቡና ለውጭ ገበያ የሚሸጥበትን በር አስፍቷል።

የቅምሻ ላቦራቶሪ ራሱ የተደራጀው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና በ150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይቀርባል፤ የናሙናው ባለቤት ማን እንደሆነ በኮድ ይሸፈናል። ቀማሾች ነጥባቸውን ለየብቻ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ያስተያያሉ። አዲስ ቀማሽ ምላሱን የሚያርመው በዚያች የማስተያያ ሰዓት ነው።

የተመራማሪዎችም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ በተለምዶ ሲቢዲ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ታየ። ከአራት ዓመታት በፊት በጅማ አቅራቢያ በመልኮ የተቋቋመው የምርምር ማዕከል ከባድ ፈተና ገጠመው። የቡና ችግኝ ፍሬ እስኪያፈራ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፤ እያንዳንዱን ዘር ተክሎ እስኪታመም መጠበቅ ማለት አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ከዓመታት በኋላ መስማት ነው። ተመራማሪዎቹ በበሽታው በተጠቃ ማሳ ውስጥ ጤነኛ ሆነው የቆዩ ዛፎችን መርጠው ፍሬያቸውንና ገና የበቀሉ ቡቃያዎቻቸውን በፈንገሱ ዘር አስያዙ። በዚህ መንገድ የዓመታቱ ጥበቃ ወደ ሳምንታት አጠረ። ዛሬ በብዙ ማሳዎች የሚገኙት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው፤ በስማቸው መጀመሪያ ያለው 74 ዛፎቹ የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል።

እጅን ማሠልጠን ይቻላል?

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያዎች አብዛኛዎቹ የሚሠሩት ውሃ የኤሌክትሪክ መስክን የሚቀበልበት ጠባይ ከደረቅ ነገር እጅግ የተለየ በመሆኑ ነው፤ በቡናው ውስጥ ያለው ውሃ በጨመረ ቁጥር የመሣሪያው ንባብ ይጨምራል። ይሁን እንጂ በየገበሬው ደጅ መሣሪያ አይገኝም፤ የሚገኘው እጅ፣ ጥርስና ጆሮ ነው። ለትምህርት ቤቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተለውን ሙከራ እንጠቁማለን።

ከአንድ አልጋ ላይ በተለያዩ ቀናት ናሙና ይውሰዱ፤ ይፈልፍሉት፤ መሣሪያ ባለበት ጣቢያ ያስለኩትና 10፣ 12 እና 14 በመቶ የሚጠጉትን መርጠው ክዳናቸው አየር በማያስገባ ሦስት ብርጭቆ ዕቃዎች ውስጥ ያኑሯቸው። ቁጥሩን ከሥር ይጻፉ። ከዚያም ሌላ ሰው ዕቃዎቹን ሳያሳይ አንዳንድ ፍሬ ይስጥዎ፤ ይንከሱ፤ በጥፍርዎ ይጫኑ፤ ግምትዎን ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ቁጥሩን ወዲያው ያስነብቡ። ሃያ ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ የመጀመሪያዎቹን አሥር ግምቶች ከመጨረሻዎቹ አሥር ጋር ያስተያዩ። ጥርስ ምናልባት 10ን ከ14 መለየት ይማር ይሆናል፤ 12ን ከ14 መለየት ግን እንደሚያዳግት ከላይ ያየነው የእጅ ሒሳብ ያስጠረጥራል። የናሙናዎቹ እርጥበት በክዳኑ ሊያመልጥ ስለሚችል በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ማስለካት ያስፈልጋል። መለኪያው ራሱም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ናሙናው በ105 ዲግሪ ምድጃ ደርቆ ከሚገኘው ውጤት ጋር መመሳከር ይኖርበታል።